የኪቡሊው ቤት

የዩጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከኮረብታዎቹም አንዱ ኪቡሊ ይባላል። በኪቡሊ አናት ላይ ከሩቅ የሚታይ ታላቅ መስጊድ አለ። መስጊዱ የታነጸበትን መሬት የሰጡት የቡጋንዳው ልዑል ባድሩ ካኩንጉሉ ሲሆኑ፣ ሕንፃው የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከአናቱ ወደ ታች ሲወረድ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሱቅና መኖሪያ ቤት ተጠጋግተው ይታያሉ። አፈሩ ቀይ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናቡ ሲበረታ ያ ቀይ ጭቃ ከመንገድ ወደ ጫማ፣ ከጫማ ወደ ወለል፣ ከወለልም በልጆች እጅ ወደ ግድግዳ ይሸጋገራል።

በዚህ ኮረብታ ጎን ከሚገኙት አነስተኛ ቤቶች በአንዱ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይኖር ነበር። አባትየው በጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው። እናትየው እንጀራ እየጋገረች፣ ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት በካባላጋላ ላሉ ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። አንዲት የ11 ዓመት ሴት ልጅና አንድ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። ቤተሰቡ ወደ ካምፓላ የመጣው ልጅቱ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለች ነበር፤ ትንሹ ልጅ የተወለደው እዚያው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የአባትየው እናት ከኢትዮጵያ መጥተው ከልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ።

ስምንት ዓመት ሙሉ የዚያ ቤት ግድግዳ ምንም አልተነካም። መጀመሪያ ነጭ የነበረው ቀለም ወይቦ፣ ከታች በኩል በጭቃና በእጅ አሻራ ጠቁሮ፣ በአንዱ ማዕዘን ደግሞ በእርጥበት ተነፋፍቶ ይታያል። በመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ላይ አራት ሻንጣዎች እንደተቆለፉ ተደርድረዋል። አያትየዋ ማታ ማታ በሳሎኑ ወለል ላይ ፍራሽ ይነጠፍላቸዋል፤ ጧት ይጠቀለላል። ልጅቱ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በጉልበቷ ላይ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ገንዘብ ፈጽሞ ጠፍቶ አልነበረም። እናትየው መጋረጃ እንለውጥ ስትል፣ ወይም ጠረጴዛ እናሠራ ስትል፣ አባትየው ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ቃል ስለ ነበረ ነው፤ «ዛሬ ነገ አገራችን እንገባለን። ለሰው ቤት ምን አደከመን?»

ይህ አነጋገር በስደት ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም። ሰው ልቡ ከአገሩ ሲቀር፣ እግሩ ያረፈበትን ቦታ እንደ አውቶቡስ ጣቢያ ይቆጥረዋል። በጣቢያ ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚሰቅል የለም። ነገር ግን ትልቅ ሰው ጣቢያ ውስጥ ስምንት ዓመት ቢቀመጥ የሚያስታውሰው ሌላ ቤት አለው። ልጅ ግን ሌላ ቤት የለውም፤ ያደገበት ጣቢያ እርሱ ቤቱ ነው።

ይህን ለወላጆቹ ያስታወቀቻቸው ልጃቸው ነበረች። አንድ ቀን መምህሯ ተማሪዎቹን «ቤታችሁን ከውስጥ ሥላችሁ አምጡ» ብለው አዘዙ። ልጅቱ ማታ ወረቀቷን ዘርግታ ብዙ ቆየች። በመጨረሻም አንድ ክብ መሶብ፣ ከግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ሰፌዶችና ቀይ መደብ ያሉበትን ክፍል ሣለች። አባትየው ሥዕሉን አይቶ «ይህ የማን ቤት ነው?» ሲል ጠየቃት።

«አያቴ የነገሩኝ የሐረር ቤት ነው» አለች።

«የታዘዝሽው የእኛን ቤት አይደለም እንዴ?»

«የእኛ ቤት የሚሣል ነገር የለውም፤ አባዬ።»

አባትየው መልስ አልሰጠም። በዚያ ምሽት ግን ስለ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጠው ተነጋገሩ።

አያትየዋ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ነበር። ቤተሰባቸው ሐረሪ ባይሆንም ከሐረሪ ጎረቤቶቻቸው ቤት ውለው ያመሹ ነበርና የዚያን ቤት አሠራር ጠንቅቀው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጀጎል ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የቤት ውስጥ አደረጃጀት ነው። ወደ ዋናው ክፍል ሲገባ ከወለሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች ይታያሉ፤ በሐረሪ ቋንቋ ነደባ ይባላሉ። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። የክብር እንግዳው፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱና ቤተኛው እንደየማዕረጉ ቦታውን ያውቃል። በግድግዳው ውስጥ ወደ ውስጥ ገባ ተደርገው የተሠሩ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች አሉ፤ መጻሕፍትና የተመረጡ ዕቃዎች ይቀመጡባቸዋል። ከግድግዳው ላይ በሴቶች እጅ የተሰፉ ባለብዙ ቀለም ስፌቶች ይሰቀላሉ። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል። ይህም ቀይ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ላይ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ተብሎ ይነገራል።

«እዚያ ቤት» አሉ አያትየዋ፣ «አልጋም የለ፣ ወንበርም የለ። ነገር ግን ማንም ሰው ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። እዚህ ግን እኔ ሁለት ዓመት ስኖር የት እንደምቀመጥ ገና አላወቅሁም።»

ይህ ንግግር ለእናትየው መሪ ሐሳብ ሆናት። ቤትን ማሳመር ማለት ውድ ዕቃ መግዛት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ቦታ መስጠት መሆኑን ተረዳች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማ ወረቀትና እርሳስ ይዛ የጎደለውን ጻፈች። ለአያትየዋ በቀን መቀመጫ፣ በማታ መኝታ የሚሆን ነገር፤ ለልጅቱ መጻፊያ ጠረጴዛ፤ ለሻንጣዎቹ ማስቀመጫ፤ ለግድግዳው ቀለም። ዝርዝሩ አጭር ነበር። አባትየው ግን አሁንም አንድ ጥያቄ አነሣ፤ «ስንሄድስ?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ የተገኘው ከራሱ ሙያ ነበር። መካኒክ በቀን ስንት ጊዜ የተገጣጠመ ነገር ይፈታል፤ የፈታውንም መልሶ ይገጥማል። ታዲያ በምስማር የሚመታ ዕቃ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር ዕቃ ቢሠራስ? ምስማር የተመታበት እንጨት ሲነቀል ይሰነጠቃል። በብሎን የታሰረ ግን ተፈትቶ፣ ታስሮ፣ ተጭኖ ሌላ አገር ሊገጠም ይችላል። አባትየው ይህን ሲያስብ ፊቱ ፈካ። ከዚያ በኋላ የሥራው ዋና ቀያሽ እርሱ ሆነ።

ቀጥሎ የቤቱን ባለቤት ማነጋገር ያስፈልግ ነበር። የተከራየ ቤት የሰው ንብረት ነውና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግድግዳ መብሳትም ሆነ መቀባት ተገቢ አይደለም። ባለቤቷ ሐጅ ያደረጉ፣ በሠፈሩ የተከበሩ የባጋንዳ ሴት ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሐጃቲ ብሎ ይጠራቸዋል። ባልና ሚስቱ ሄደው ሐሳባቸውን አስረዱ። ሐጃቲም «ቀለሙ ብሩህ ይሁን እንጂ እኔ አልቃወምም። የቀለሙን ዋጋ ግማሽ ከኪራዩ እቀንስላችኋለሁ» አሉ። አባትየው ግን ስለ እርጥቡ ማዕዘን አንሥቶ «ሐጃቲ፣ አሸንዳው ሳይጠገን ብንቀባ ገንዘባችን ከንቱ ይሆናል» አላቸው። እውነቱን ነበር። ውሃ የሚገባበት ግድግዳ የቱንም ያህል ውድ ቀለም ቢቀባ ቀለሙ ተነፍቶ ይላጣል፤ ሻጋታም ያበቅላል። በሽታውን ትቶ ቁስሉን መሸፈን ፈውስ አይሆንም። በዚያው ሳምንት የተቀደደው አሸንዳ ተለወጠ፤ ግድግዳውም እስኪደርቅ ድረስ ቤተሰቡ ወር ያህል ታገሠ።

በዚያ የመጠበቂያ ወር ውስጥ ስለ ቀለሙ ክርክር ተነሣ። እናትየው የአማትዋን ወግ ሰምታ ሳሎኑን በሙሉ እንደ ሐረር ቤት ቀይ ለማድረግ ወሰነች። ትንሽ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ገዝታ በግድግዳው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ለሙከራ ቀባች። ጧት አምሮ ታየ። ከቀትር በኋላ ደበዘዘ። ማታ አምፖል ሲበራ ግን ያ የተቀባው ቦታ እንደ ጉድጓድ ጠቆረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደማቅና ጥቁር ቀለም ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል፤ ፈዘዝ ያለ ቀለም ግን መልሶ ወደ ክፍሉ ይረጨዋል። ሳሎኑ ሁለት መስኮቶች ቢኖሩትም አንዱ ከጎረቤት አጥር ፊት ለፊት የተከፈተ፣ ሌላውም በበረንዳ ጥላ የተከለለ ነው። ብርሃን ለሚያጥረው ክፍል ቀይ ግድግዳ አይስማማውም።

ካምፓላ ከምድር ወገብ ጥቂት ብቻ ወደ ሰሜን የምትገኝ ከተማ በመሆኗ በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ናት። ስለዚህ በመስኮት የሚገባው ዋናው ፀሐይ የጧትና የማታ ነው። ቀለም የሚመርጥ ሰው የክፍሉ መስኮት ወዴት እንደሚመለከት፣ ክፍሉም በየትኛው ሰዓት እንደሚያገለግል አስቀድሞ ማጤን አለበት። ቢጫና ብርቱካን መሰል ቀለሞች ለዓይን ሙቀት ይሰጣሉ፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ ክፍሉን ቀዝቀዝ ያለ ያስመስሉታል። ፈዛዛ ቀለም ጠባቡን ክፍል ሰፊ፣ ነጭ ኮርኒስም ዝቅተኛውን ጣሪያ ከፍ ያለ አስመስሎ ያሳያል። በቀለም ሱቅ የሚታየው ናሙና በትንሽ ወረቀት ላይ ያለ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ያታልላል። በገዛ ግድግዳ ላይ ቀብቶ፣ በጧት፣ በቀትርና በማታ አይቶ መወሰን ከብዙ ጸጸት ያድናል።

የእናትየው ሐሳብ ግን ፈጽሞ አልተጣለም። አያትየዋ አንድ ነገር አስታወሱ፤ «በሐረርስ ቢሆን ቀዩ መደቡና ወለሉ ነው እንጂ ግድግዳው በኖራ ነጭ ተደርጎ ይታይ አልነበረም እንዴ?» አሉ። በመሆኑም ከወለሉ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለው የግድግዳው ክፍል ጡብ የመሰለ ቀይ፣ ከዚያ በላይ ያለው የቅቤ ቀለም፣ ኮርኒሱ ደግሞ ነጭ እንዲሆን ተስማሙ። ይህ ስምምነት ሁለት ጥቅም ነበረው። አንደኛ፣ ብርሃኑ አልቀነሰም። ሁለተኛ፣ የካምፓላ ቀይ ጭቃና የልጆች እጅ የሚደርሰው እስከዚያ ከፍታ ድረስ ስለ ሆነ ቆሻሻው ጎልቶ አይታይም። ያማረ ነገር ሲጠቅምም ጭምር ውበቱ ይጸናል።

የሚያስፈልገውን ቀለም ያሰላችው ልጅቱ ነበረች። ሳሎኑ 4 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ወርድ፣ 2.5 ሜትር ቁመት አለው። ዙሪያው 14 ሜትር ሲሆን በቁመቱ ሲባዛ 35 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለበሩ 2፣ ለሁለቱ መስኮቶች 3 ካሬ ሜትር ሲቀነስ 30 ካሬ ሜትር ይቀራል። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ስለሚቀባ 60 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ ሊትር ቀለም በአማካይ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናልና ለግድግዳው 6 ሊትር ይበቃል፤ ከዚህም 2 ሊትር ተኩል ያህሉ ለታችኛው ቀይ፣ 3 ሊትር ተኩል ያህሉ ለላይኛው ይሆናል። አባትየው በግምት 10 ሊትር ሊገዛ አስቦ ነበር። በልጁ ስሌት 4 ሊትር አተረፈ።

ከመቀባት በፊት አሮጌው ቀለም መነሣት ነበረበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ አሮጌ ቀለሞች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም፤ አቧራው በትንፋሽ ወይም በእጅ በኩል ወደ ሰውነት ሲገባ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ልጆቹንና አያትየዋን ለሁለት ቀን ወደ ጎረቤት ላኩ። ግድግዳውንም በደረቁ ሳይሆን ውሃ እያርከፈከፉ ፋቁት፤ የወደቀውን ልጣጭ ለቅመው በላስቲክ አስረው አስወገዱ፤ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ። ከዚያም ስንጥቁን በስቱኮ ሞልተው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ለቅቡ አዘጋጁት። አዲሱን ቀለም ሲገዙ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ከቆርቆሮው ላይ አንብበው ነበር።

በሌላ በኩል የእንጨቱ ሥራ ተጀመረ። ከኪቡሊ ብዙም ሳይርቅ በንሳምቢያ የመንገድ ዳር አናጢዎች አልጋ፣ ወንበርና ቁም ሳጥን ሲሠሩ ይታያሉ። አባትየውና ልጅቱ የነደፉትን ይዘው ወደ አንዱ አናጢ ሄዱ። አናጢው ብዙ ዓይነት እንጨት አሳያቸው። ምቩሌ የሚባለው ጠንካራና ምስጥን የሚቋቋም ነው፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ነው። ጥድ ግን ቀላልና ርካሽ ነው፤ ምስጥ ግን ይደፍረዋል። ከወለል ጋር ለሚነካካው እግር ምቩሌ፣ ለቀረው ጥድ እንዲሆን ተስማሙ።

የአያትየዋ መደብ 1 ሜትር ከ90 ርዝመትና 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። የእንጨቱ ከፍታ 35 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፍራሹ 10 ሴንቲ ሜትር ይጨምርበታል፤ በጠቅላላው 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ከፍታ አዛውንት ሰው ያለ ድጋፍ ተቀምጦ ለመነሣት የሚመቸው ነው። አናጢው በመጀመሪያ በልማዱ ዝቅ ያለ አድርጎ ሊቆርጠው ነበር። ልጅቱ ግን የአያቷን ጉልበት ከወለል በሜትር ለክታ መጥታ ነበርና አስቆመችው። መደቡ ከሁለት ሳጥኖች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ የእያንዳንዱ ክዳን በማጠፊያ ይከፈታል። በውስጡ የሻንጣዎቹ ዕቃ ይገባል። ሁለቱን ሳጥኖች የሚያያይዙት ስምንት ብሎኖች ናቸው። የልጅቱ ጠረጴዛ ደግሞ ከግድግዳ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ ጣውላ ነው። ሲፈለግ ይዘረጋል፤ ሥራው ሲያልቅ ይታጠፍና እንደ ሰሌዳ ከግድግዳው ጋር ይጋደማል። ጠባብ ቤት አንድን ቦታ በየሰዓቱ ለየተግባሩ በማዋል ይሰፋል።

ቅቡ አልቆ ዕቃው ሲገጠም ሐጃቲ ሊጎበኙ መጡ። በእጃቸውም ኦሙኬካ የተባለውን፣ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ባለቀለም ምንጣፍ ይዘው ነበር። እናትየው ደስ ብሏት፣ ከገበያ የገዛችውን አንድ ቡናማ ጨርቅ አሳየቻቸው። ጨርቁ ከዛፍ ልጥ የተሠራ ነው። ባጋንዳዎች ሙቱባ ከሚባለው የሾላ ዓይነት ዛፍ ልጡን በዝናብ ወራት ገፈው፣ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ ያሰፉታል። የተገፈፈው ዛፍ ቁስሉ በሙዝ ቅጠል ይሸፈንለትና መልሶ ልጥ ያወጣል። ይህ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም የሰው ልጆች ቅርስ ተብሎ ታውጇል። እናትየው ጨርቁን በመኝታ ቤቱ በር ላይ በመጋረጃነት ልትሰቅለው አስባ ነበር።

ሐጃቲ ጨርቁን ዳሰስ አድርገው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ልጄ፣ ይህ በእኛ ዘንድ የክብር ልብስ ነው። በካሱቢ የነገሥታቱ መቃብር የሚጋረደው በዚህ ነው። ሙታኖቻችንንም የምንገንዘው በዚህ ነው። ሰው በየቀኑ እየገፋ የሚያልፍበት በር ላይ አይስማማም» አሏት። ካሱቢ እ.ኤ.አ. በ1882 በካባካ ሙቴሳ ቀዳማዊ ዘመን የተሠራ፣ በኋላም የአራት የቡጋንዳ ነገሥታት ማረፊያ የሆነ ታላቅ የሣር ክዳን ቤት ነው። በጣሪያው ውስጥ ያሉት 52 ቀለበቶች የቡጋንዳን ነገዶች ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በእሳት ቃጠሎ ከወደመ በኋላ እንደገና ተሠርቷል። እናትየው ባለማወቋ አፍራ ይቅርታ ጠየቀች። ሐጃቲ ግን ፈገግ ብለው «ጠይቀሽ ነው የሰቀልሽው፤ ነውር የለውም» አሉና በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከፍ ያለ ቦታ መረጡላት። ጨርቁም በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ገብቶ እዚያ ተሰቀለ፤ ከጎኑም አያትየዋ ከኢትዮጵያ ያመጧቸው ሁለት ሰፌዶች ተሰቀሉ። የአንድ አገር ጌጥ የሌላው አገር ክብር ሊሆን ይችላልና ከመስቀል በፊት መጠየቅ ታላቅ ጨዋነት ነው።

በዚያ ቀን ማታ አራቱ ሻንጣዎች ተከፈቱ። ስምንት ዓመት ያልተከፈተ ሻንጣ ውስጥ የነበረው ነገር ብዙ አልነበረም። ለልጅቱ «ስንገባ ትለብሰዋለች» ተብሎ የተቀመጠ ቀሚስ አለ፤ ቀሚሱ ለ4 ዓመት ልጅ የሚሆን ነበር። እናትየው ቀሚሱን ዘርግታ አየችው፤ ቀና ብላም ባልዋን አየችው። አባትየው ምንም ሳይናገር ቀሚሱን አጥፎ በመደቡ ሳጥን ውስጥ አኖረው። ከዚያም ወደ ጋራዡ ይዞት የሚሄደውን የመሣሪያ ከረጢት አወጣ።

ከአናጢው ሥራ የተረፈ አንድ ቀጭን የምቩሌ ጣውላ ነበር። አባትየው በጣውላው ላይ በየሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ቀርጾበት ከበሩ አጠገብ በሁለት ብሎን አሰረው። ሁለቱን ልጆች በተራ አቁሞ ቁመታቸውን በቢላዋ ምልክት አደረገ፤ ቀኑንም ጻፈበት። ትንሹ ልጅ 1 ሜትር ከ12፣ ልጅቱ 1 ሜትር ከ41 ሆኑ።

«ለምን ግድግዳው ላይ አልጻፍከውም፤ አባዬ?» ሲል ትንሹ ልጅ ጠየቀ።

«ግድግዳው የሐጃቲ ነው» አለ አባትየው። «ይኸኛው የእኛ ነው። ስንሄድ ይዘነው እንሄዳለን። እስክንሄድ ድረስ ግን እዚህ ይሁን።»

ልጅቱ በጣውላው ላይ ከምልክቷ በታች ያለውን ቦታ በጣቷ ወደ ታች እየዳሰሰች ተመለከተች። «እኔ እኮ ትንሽ ሳለሁም እዚህ ነበርኩ» አለች። አባትየውም «አዎን፤ ነበርሽ» አለና መፍቻውን ወደ ከረጢቱ መለሰ። የጣውላው የታችኛው ክፍል እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ከዚያ በላይ ግን በየዓመቱ አዲስ ምልክት ይታከልበታል።

ሰው አገሩን መናፈቁ፣ ለመመለስም ማሰቡ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ነገን በመጠበቅ ዛሬን ባዶ ማድረግ፣ ዛሬን ብቻ የሚያውቁትን ልጆች መበደል ነው። ቤትን በቀለም፣ በመደብና በመደርደሪያ ማደራጀት ከውጭ ሲታይ ቀላል የእጅ ሥራ ይመስላል። በእውነቱ ግን በቤቱ ውስጥ ለሚኖር ለእያንዳንዱ ሰው «ቦታህ ይህ ነው» ብሎ መናገር ነው። አሁን በኪቡሊ ኮረብታ ጎን ባለችው በዚያች ቤት ውስጥ አያትየዋ የሚቀመጡበትን ያውቃሉ። እንግዳ ሲመጣም ተነሥተው፣ መደቡን በእጃቸው ጠረግ አድርገው፣ «ኖር! ወደዚህ ተቀመጥ» ይላሉ።